ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር በሽታ፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ባደሩ ጊዜ



በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ዘወትር የምናየው አንድ ነገር አለ። አንድ ሰው በአንድ ጠብ ምክንያት ሁለት መዝገብ ተከፍቶበት፣ አንዱ መዝገብ በአንድ ችሎት ሁለተኛው በሌላ ችሎት የታየ እንደ ሆነ፣ ቀጠሮው ይጋጫል፤ ምስክሩ ይሰለቻል፤ በመጨረሻም አንዱ ዳኛ ያቆመውን ሌላው ሳያውቅ ያፈርሰዋል። ስለዚህ የሥነ ሥርዓት ሕጉ መዝገቦቹ ተጣምረው በአንድ ችሎት ፊት እንዲታዩ ይፈቅዳል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ዓምድ ልንጽፍበት የተነሣነውም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ በአንድ አካል ላይ የተገናኙ እንደ ሆነ ነገራቸው አንድ ነውና፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ደብተር፣ በአንድ ሐኪም ዓይን ሥር ሊታዩ ይገባል። ይህንንም ለማድረግ ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልግም፤ ከሥራው የሚበዛው በየሰፈራችን ባለው ጤና ጣቢያ ሊፈጸም የሚችል ነው።

ሰንጋ ተራ የሚባለው ሰፈራችን ስሙ ራሱ እንደሚመሰክረው ከሰንጋ ጋራ የተያያዘ ነው። ዛሬ በስፍራው ጎልቶ የሚታየው የባንክና የመድን ሕንፃ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ያስመረቀው ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ፎቅም ከዚሁ አቅራቢያ ቆሞ ይታያል። ሰንጋው ስሙን ትቶልን ቢሄድም የሰንጋው ወዳጅ ግን አልሄደም። ከጧት እስከ ማታ ተቀምጦ የሚጽፍ፣ ፎቁን በአሳንሰር የሚወጣ፣ ወደ ቤቱም በመኪና የሚመለስ ሰው ምሳውን ቍርጥ እራቱን ክትፎ ያደረገ እንደ ሆነ፣ አያቶቹ በእግርና በበቅሎ ተጕዘው ይጨርሱት የነበረውን ምግብ እርሱ በወገቡ ዙሪያ ያጠራቅመዋል። ይህን ስል ግን እነዚህ ሕመሞች የባለጸጋ ሕመሞች ናቸው የሚለውን የቀድሞ አነጋገር ለመድገም አይደለም። በ2007 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ሰፊ የጤና ጥናት ከዐዋቂዎች ከመቶው 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ከእነዚህም የሚበዙት ሕመሙ እንዳለባቸው ከቶ አያውቁም ነበር። ተሸካሚውም፣ ጥበቃውም፣ ጉልት የምትቸረችረዋም ሴት በዚህ ቍጥር ውስጥ አሉ።

አስቀድሞ ስለ ስማቸው ጥቂት መናገር ይገባል፤ ስም ያሳስታልና። የደም ግፊትን ሕዝባችን ደም ብዛት ይለዋል። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው ደሙ የበዛ እየመሰለው፣ በዋግምት ወይም በብጥ ጥቂት ቢቀነስለት የሚድን ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የሚበዛው ደሙ ሳይሆን፣ ደሙ በሥሮች ግድግዳ ላይ የሚያደርገው ግፊት ነው። ስኳር በሽታም እንዲሁ ነው። ስሙን የሰማ ሰው በሻዩ ውስጥ የሚጨምረውን ስኳር ትቶ፣ ሦስት እንጀራና አንድ ዳቦ ሲበላ ምንም የበደለ አይመስለውም። እንጀራውም ዳቦውም ድንቹም በሆድ ውስጥ ተፈጭተው ወደ ስኳር የሚለወጡ መሆናቸውን የነገረው የለምና። ጣፊያ አጠገብ ያለው ቆሽት የሚባለው ዕጢ ኢንሱሊን የተባለውን ፈሳሽ ጨርሶ ያላወጣ እንደ ሆነ፣ ወይም ቢያወጣም አካል አልታዘዝ ያለው እንደ ሆነ፣ ይህ ስኳር በደም ውስጥ ተጠራቅሞ ይቀራል። የመጀመሪያው ዓይነት ብዙ ጊዜ በልጅነት የሚመጣ ሲሆን ያለ ኢንሱሊን መርፌ አያኖርም። ከደም ግፊት ጋራ ተጣምሮ በዐዋቂዎች ላይ የምናየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ዓይነት ነው።

ሁለቱም ሕመሞች ዝምተኞች ናቸው። አያስነጥሱም፣ አያስተኙም። ስለዚህ የሚያስታውቃቸው መለኪያ ብቻ ነው። በክንድ ላይ የሚታሰረውን የግፊት መለኪያ ያወጣው ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ የሚባል የኢጣልያ ሐኪም ነው፤ ስፍራው ቱሪን፣ ዘመኑም በፈረንጅ አቈጣጠር 1896 ነው። ያ ዓመት ለእኛ የአድዋ ዓመት መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል፤ ከዚያ አገር በዚያ ዓመት ከመጡት ነገሮች ሁሉ ሳንጣላ የተቀበልነው ይህን ነው ማለት ይቻላል። ከ9 ዓመት በኋላም ኒኮላይ ኮሮትኮፍ የተባለ የሩሲያ ሐኪም የልብ ማዳመጫውን በክንድ ሥር ላይ አድርጎ በማድመጥ፣ የላይኛውንና የታችኛውን ቍጥር ለይቶ የሚታወቅበትን መንገድ አሳየ። እስከ ዛሬ 130 በ80፣ 150 በ95 እያልን የምንናገረው በዚሁ ነው።

ነገር ግን አለካኩ የተበላሸ እንደ ሆነ ቍጥሩ ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል። ከመለካት በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቡናና ሲጃራ መተው፣ ሽንት ሸንቶ መምጣት፣ ጀርባን ወንበሩ ላይ አስደግፎ፣ እግርን መሬት ላይ አሳርፎ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ያሻል። ክንድ ከልብ ትክክል ከፍ ብሎ በጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ ማሰሪያው በኮትና በሹራብ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይታሰራል። በሚለካበት ጊዜ ሰላምታና ወሬ አይገባም። ደረጃ ወጥቶ እያለከለከ የተለካ ሰው ቍጥሩ ቢከፍት አይደንቅም። በሁለት የተለያዩ ቀኖች ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ የተገኘ ሰው የደም ግፊት አለበት ይባላል። ስኳር ደግሞ ሳይበሉ አድረው ጧት ሲለኩት በዴሲ ሊትር 126 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀንም የተደገመ እንደ ሆነ በሽታው አለ ማለት ነው። አንዱ የተገኘበት ሰው ሁለተኛውን ሳይመረመር ወደ ቤቱ ሊሰናበት አይገባም። ይህ ከሁሉ የሚቀድም ነገር ነው፤ ሁለቱ እንደ ባልንጀራሞች እየተጠራሩ ይመጣሉና።

የሚገናኙበት ስፍራ ከሁሉ ይልቅ ኵላሊት ነው። እያንዳንዱ ኵላሊት ሚሊዮን ያህል ቀጫጭን ወንፊቶች አሉት ይባላል፤ በእነዚህም በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ይጠለላል። የበዛው ስኳር ወንፊቱን ያወፍረዋል፣ ያሳሳዋልም፤ የበረታው ግፊት ደግሞ ይሰነጥቀዋል። ወንፊቱ በተጐዳ ጊዜ ኵላሊት ጨውንና ውሃን ማስወጣት ይቸግረዋል፤ ግፊቱም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ የጨመረው ግፊት ተመልሶ የቀረውን ወንፊት ይሰብራል። እንዲህ እየተመላለሰ ሄዶ፣ ሰውየው አንድ ቀን እግሩና ፊቱ ባበጠ ጊዜ ወደ ሐኪም ቤት ቢመጣ፣ ኵላሊቱ አልቆ ደሙ በመኪና እንዲታጠብ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በመስከረም 2008 ዓ.ም. የኵላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ ለአገራችን ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ኵላሊት ከወንድም ወይም ከእኅት አካል ተቈርጦ የሚሰጥ ስጦታ መሆኑን ያሰበ ሰው፣ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን የምታሳይ አንዲት ቀጭን ወረቀት በዓመት አንድ ጊዜ ማስነከር ምን ያህል ቀላል ነገር እንደ ሆነ ይገባዋል።

በዓይን ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ሥሮችም በዚሁ መንገድ ይጐዳሉ። በአንጎልና በልብ ያሉት ሥሮች ደግሞ በድንገት ይዘጋሉ ወይም ይፈነዳሉ፤ ስትሮክ የምንለውም በአንጎል የሚሆነውን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከባድ የአንጎል ምት አግኝቷቸው፣ አካላቸው ሰንፎ አንደበታቸው ታስሮ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በአልጋ ላይ መቈየታቸውን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ሕመም መነሻ መፍረድ የዚህ ዓምድ ሥራ አይደለም። ሆኖም የአንድ ቤት ራስ የሆነ ሰው አንደበቱ በታሰረ ጊዜ ቤቱ ምን እንደሚሆን ከዚህ መረዳት ይቻላል። የማን ብድር እንዳለበት፣ የቤቱ ካርታ የት እንደ ተቀመጠ፣ ኑዛዜው ምን እንደ ነበር መናገር ሳይችል ዓይኑ ብቻ እየተንከራተተ የሚኖረው ሰው በየሰፈሩ አለ። በፍርድ ቤት በር ላይ የሚቆሙት ወራሾችም ከዚህ ቤት የመጡ ብዙዎች ናቸው።

እንግዲህ ከሁለቱ የቱ ይቅደም? ስኳሩ ነው ወይስ ግፊቱ? ብዙ ሕመምተኛ ስኳሩን ይፈራል፤ ግፊቱን ይንቃል። ስኳሩን በየሳምንቱ እያስለካ ሲደሰትና ሲያዝን፣ የግፊቱን ክኒን ግን ራሱን ባመመው ቀን ብቻ ይውጣል። ይህ ትልቅ ስሕተት መሆኑን በእንግሊዝ አገር የተደረገ አንድ ምርመራ አስረድቷል። በዚያ ምርመራ ስኳርም ግፊትም ያለባቸው 1,148 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ የአንደኛው ወገን ግፊት በጥብቅ፣ የሁለተኛው ወገን ግን ላላ ባለ መንገድ ተጠብቆ፣ ከ8 ዓመት በላይ ተከታትለዋቸዋል። በጥብቅ የተጠበቁት በአማካይ 144 በ82፣ ሌሎቹ 154 በ87 ደረሱ። ልዩነቱ 10 ቍጥር ብቻ ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1998 ውጤቱ ሲገለጥ ግን፣ በጥብቅ ከተጠበቁት መካከል ስትሮክ ከመቶ 44 እጅ፣ ከስኳር በሽታ የተነሣ የሚመጣው ሞት ከመቶ 32 እጅ፣ የዓይንና የኵላሊት ቀጫጭን ሥሮች ጉዳት ከመቶ 37 እጅ ቀንሶ ተገኘ። ይህን ያህል ፍሬ የሰጠው ውድ መድኃኒት አልነበረም፤ የተለመደውን የግፊት ክኒን ሳያቋርጡ መዋጥ ነው። ምርመራው ካበቃ በኋላ የሁለቱ ወገኖች ግፊት ተስተካከለ፤ ከ10 ዓመት በኋላ በ2008 እንደ ገና ሲመረመሩም ያ ሁሉ ጥቅም አብሮ እየጠፋ መሄዱ ታወቀ። ክኒኑ በሚዋጥበት ዘመን ይጠብቃል፤ በተተወ ጊዜ ዘበኝነቱን ይተዋል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት፣ ሁሉን በአንድ ጊዜ ለማድረግ አቅም ያነሰው ሰው ስኳሩን ሳይተው ግፊቱን ቢያስቀድም ብልህ ነው።

ሁለት መዝገብ መክፈት የሚያመጣውን ጉዳት በአንድ ጎረቤቴ ላይ አይቼዋለሁ። ጡረታ የወጡ፣ ጨዋና ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ስኳራቸውን በአንድ ስፍራ በየሦስት ወሩ፣ ግፊታቸውን በሌላ ስፍራ በየወሩ ይታያሉ፤ ሁለቱም ካርዶች በሁለት ኪስ ይቀመጣሉ። በዚህ ላይ ጕልበታቸውን ስለሚያማቸው ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ፣ ሲብስባቸው በቀን ሁለት ጊዜ ይውጡ ነበር። ግፊታቸው አልወርድ አለ። የግፊቱ ሐኪም አንድ ክኒን ጨመሩ፤ ዳግመኛም ጨመሩ። የስኳሩ ሐኪም በበኩላቸው ስለ ጕልበቱም ስለ ተጨመረውም ክኒን የነገራቸው የለም። በመጨረሻ በሰፈር ጤና ጣቢያ ያለች አንዲት ወጣት ጤና መኮንን፣ «አባቴ፣ በቤትዎ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ሳይመርጡ በፌስታል አድርገው ያምጡልኝ» አለቻቸው። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ የጕልበቱንም ጭምር?» ብለው ቢጠይቋት፣ «እርሱን አስቀድመው» አለቻቸው። ሁሉ በጠረጴዛው ላይ በተዘረገፈ ጊዜ ነገሩ ተገለጠ። ዲክሎፌናክና መሰሎቹ ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ ኵላሊትንም ይጐዳሉ። እርሱን አስተወቻቸው፤ ለጕልበታቸው ሌላ ማስታገሻ ሰጠቻቸው፤ ሁለቱንም ካርድ ወደ አንድ ደብተር አዛወረችው። በጥቂት ሳምንት ውስጥ የላይኛው ቍጥር ከ170 ወደ 138 ወረደ። ኵላሊታቸው ግን ከቀድሞው ጥቂት እንደ ደከመ ቀርቷል፤ የተሰበረ ወንፊት አይሰፋምና።

ጤና መኮንን የሚባለውን ባለሙያ አንዳንድ ታላላቅ ሰዎች እንደ ትንሽ ሐኪም ሲንቁት እሰማለሁ። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ይህን ሙያ ያስተማረው ሐኪም በሌለበት አገር ሕዝቡን እንዲጠብቅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በፈረንጅ አቈጣጠር በ2021 ባወጣው የግፊት ሕክምና መመሪያ፣ ሥልጠናና የተጻፈ ሥርዓት ካላቸው፣ ሐኪምም በበላይ ከተቈጣጠራቸው፣ ነርሶችና መሰሎቻቸው የግፊት መድኃኒት ሊሰጡ እንደሚችሉ አስታውቋል። በዚሁ መመሪያ ስኳር ላለበት ሰው የላይኛው ቍጥር ከ130 በታች እንዲሆን ተመክሯል። ለአብዛኛው ሰው ይህን ለማድረስ አንድ ክኒን አይበቃም፤ ሁለት ይፈልጋል። ክኒን ተጨመረብኝ ብሎ መቈጣት ስለዚህ አይገባም።

በጤና ጣቢያ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ለስኳሩ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ሜትፎርሚን ነው። ከምግብ ጋራ የተዋጠ እንደ ሆነ ሆድን የሚያውከው ያነሰ ነው፤ ኵላሊት በጣም ከደከመ ግን መጠኑ ይቀነሳል ወይም ይቀራል። ለግፊቱ አምሎዲፒን፣ ኤናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባሉት ይሰጣሉ። በሽንቱ ፕሮቲን የተገኘበት የስኳር ሕመምተኛ ኤናላፕሪል ወይም የእርሱ ወገን የሆነ መድኃኒት ይመረጥለታል፤ ግፊቱን ዝቅ ከማድረጉም በላይ ወንፊቱን ይጠብቃልና። ይህ መድኃኒት አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል ያስለዋል፤ እንዲህ የሆነ ሰው ነግሮ ያስለውጥ እንጂ በገዛ እጁ አይተወው። ከንፈሩና ምላሱ ያበጠበት ግን ወዲያው ትቶ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ልጅ የምታስብ ሴትም አስቀድማ ልትናገር ይገባል። በተጀመረ በሁለት ሳምንት ገደማ ደም ተመርምሮ የኵላሊቱ ሁኔታና ፖታሲየም የሚባለው ጨው ይታያል። አምሎዲፒን ደግሞ ቍርጭምጭሚትን ያሳብጣል፤ ይህ ሁልጊዜ የኵላሊት ሕመም ምልክት አይደለምና አያስደንግጥ። ዕድሜው ከ40 በላይ ለሆነ የስኳር ሕመምተኛ የደም ስብን የሚቀንስ ስታቲን የሚባል ክኒንም ይጨመርለታል። ብዙ ዘመን ስኳር የቈየበትን ሰው ተቀምጦም ቆሞም ግፊቱን መለካት ጥሩ ነው፤ ነርቩ የደከመ እንደ ሆነ ሲነሣ ግፊቱ በድንገት ወርዶ ይጥለዋልና።

ነጭ ሽንኩርት፣ አብሽ፣ ሽፈራው፣ ፌጦ መልካም ነገሮች ናቸው፤ በወጥ ውስጥ ይግቡ። ክኒኑን አስትተው በእርሱ ፋንታ እንቀመጥ ባሉ ጊዜ ግን በአጭሩ አይሆንም ማለት ይገባል።

ወደ ማእዱ እንመለስ። አሞሌ ገንዘብ በነበረበት ዘመን ጨው በሚዛንና በጥንቃቄ ይቈረስ ነበር፤ ዛሬ ረክሶ በገፍ ይበተናል። ቀድሞ በጠቀስነው በ2007 ዓ.ም. ጥናት አንድ ዐዋቂ ኢትዮጵያዊ በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ያህል ጨው እንደሚበላ ታውቋል፤ የሚፈቀደው ግን ከ5 ግራም በታች፣ ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ጨው በወጡ ብቻ የሚገባ አይደለም፤ በበርበሬው፣ በሚጥሚጣው፣ በአዋዜው፣ በዳቦው አስቀድሞ ገብቷል። ለታመመው ሰው ብቻ የአልጫ ድስት ለይቶ መጣድ ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት የሚሰለች ነገር ነው። ይልቁንም የቤቱ ሁሉ ጨው በአንድነት ቢቀነስ ልጆቹም ይጠበቃሉ፣ ሕመምተኛውም በገበታው ላይ እንደ እንግዳ አይታይም። እንጀራውን ከመተው መጠኑን መቀነስ፣ ከትሪው ግማሹን ጐመንና ሰላጣ ማድረግ፣ ምስሩንና ሽምብራውን ማብዛት ይሻላል።

ከምግቡ ይልቅ የሚያስቸግረው ፍቅራችን ነው። የስኳር ሕመምተኛ ለቅሶ ወይም ሠርግ ቤት የሄደ እንደ ሆነ፣ «አፈር ስሆን፣ በሞቴ» እየተባለ አንድ ጉርሻ፣ ሁለተኛ ጉርሻ፣ ሦስተኛም ይጨመርለታል፤ ሁለት ያጣላል ይባላልና። እምቢ ቢል ኵሩ፣ ቢቀበል ሕመምተኛ ነው። ታሞ የተኛውንም ለመጠየቅ የሚመጣ ወዳጅ ለስላሳና የታሸገ ጭማቂ ተሸክሞ ይገባል። በዚህ ጕዳይ የባለቤቲቱ ወይም የባልየው ድፍረት ያስፈልጋል። እንግዳውን በፈገግታ አስቀምጦ «የጠየቃችሁት ይበቃዋል፤ ጭማቂውን ለልጆቹ» ማለት ነውር አይደለም። ጠጅና አረቄም ግፊትን ያነሣሉ፤ በባዶ ሆድ የጠጣ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ሌሊት ስኳሩ ወርዶ ሊታወክ ይችላል።

ስለ ጾም ብዙ ጥያቄ ይመጣል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደግሁ ስለ ሆንኩ ነገሩን በንቀት አላየውም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ የሚቈይ ሰው ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የሆነ እንደ ሆነ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ ሁለትና ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ማነጋገር ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም፤ ሐኪምም ሰዓቱንና መጠኑን ሊያዛውርለት ይችላል፤ አንዳንዱን ግን ጨርሶ አይጹም ይለዋል። በረመዳን ለሚጾሙ ወንድሞችና እኅቶችም ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ የጾም ምግብ ሁሉ ለስኳር ይስማማል ማለት አይደለም፤ ዳቦ በሻይ፣ ድንች በዘይት፣ ፓስታ እየደጋገመ የሚበላ ጿሚ ስኳሩ በጾም ወራት ሲወጣ ይታያል። ጠበል የሚጠመቅም ሰው ክኒኑን ይዞ ይሂድ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መምከራቸው የሚታወስ ነው፤ ለዚህ ሕመም የተለየ ፍርድ የሚኖርበት ምክንያት አይታየኝም።

ስኳር መውረዱን ቤተ ሰብ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ሕመምተኛው በድንገት ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይርበዋል፣ ነገር ይምታታበታል፤ አንዳንዴም ያለ ልማዱ ይቈጣል። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ፣ መለኪያም ከሌለ ሳይጠብቁ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ 15 ደቂቃ ቈይቶ ካልተሻለው መድገም፣ ከዚያም ምግብ መስጠት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ፊቱ የተጣመመ፣ አንድ እጁ የሰነፈ፣ አንደበቱ የተሳሰረ ሰውም እስኪነጋ አይቈይ፤ እዚያም የሚቈጠረው ሰዓት ነው።

እግር የተለየ ጥበቃ ይሻል። ስኳር ነርቭን ባደነዘዘ ጊዜ ሰው ድንጋይ በጫማው ውስጥ ሆኖ ሲወጋው አይሰማውም። በክረምት እግሩን ወደ ምድጃ አስጠግቶ ሲሞቅ ተቃጥሎ ሽታው እንጂ ሕመሙ ያልታወቀው ሰው አለ። በየማታው እግርን አጥቦ በጣቶች መካከል ማድረቅ፣ ከሥር በመስታወት ወይም በልጅ ዓይን ማየት፣ በቤትም ውስጥ ቢሆን ያለ ጫማ አለመሄድ ያስፈልጋል። ለጤነኛው እግር ግን መንገድ ይሰጠው። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ግፊቱንም ስኳሩንም ዝቅ ያደርጋል፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን በብዙ ስፍራ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷልና ከሰንጋ ተራ እስከ ልደታ ወይም እስከ ሜክሲኮ አደባባይ በእግር ደርሶ መመለስ ለቢሮ ሰው አስቸጋሪ አይደለም።

ወደ ጤና ጣቢያ ለቀጠሮ የሚሄድ ሰው አንድ ደብተር ይያዝ፤ በአንዱ ገጽ ግፊቱ፣ በፊት ለፊቱ ገጽ ስኳሩ ከነቀኑ ይጻፍ። በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የጕልበቱንም የራሱንም ማስታገሻ፣ የባሕሉንም ሥር ሳይቀር በአንድ ከረጢት ይዞ ይቅረብ። የጧት ክኒኑን ለቀጠሮው ብሎ አያስቀር፤ የጾም ምርመራ ያለበት ቀን ከሆነ ስለ ስኳሩ መድኃኒት አስቀድሞ ይጠይቅ። በዓመት አንድ ጊዜ ዓይኑ፣ ሽንቱ፣ የኵላሊቱ ደምና እግሩ መታየታቸውን በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ያስፈርም፤ ያልተፈረመውንም ራሱ ይጠይቅ።